ጀልባ ወይስ ተራራ? የወሎን የተፈጥሮ ጉዞዎች ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ከአዲስ አበባ ወይም ከራሷ ከደሴ ተነስቶ ሁለት ሦስት ቀን ወሎን በእግርና በጀልባ ለማየት ያሰበ ሰው የሚቸገረው በቦታ እጥረት አይደለም። አንዱ ደሴ አጠገብ ያለውን የሐይቅን ውሃ ያወድስለታል፤ ሌላው የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ያልወጣ ወሎን አላየም ይለዋል፤ ሦስተኛው መቄት ገደል አፋፍ ላይ ገበሬ መንደር ውስጥ ማደርን ይመክረዋል። ሁሉም እውነታቸውን ነው። ሆኖም እነዚህ ጉዞዎች አንዱ የሌላው ምትክ አይሆኑም። ከኮምቦልቻ ሙቀት አንስቶ ጅብራ እስከሚበቅልበት ውርጭ ድረስ ወሎ በሚል አንድ ስም ስለሚጠሩ ብቻ አንድ ዓይነት ይመስላሉ።

እኔ ቦታን በፎቶግራፍ አልመርጥም። ፎቶግራፍ ሁሉንም ቦታ ያሳምራል። መጀመሪያ የምጠይቀው ነገሩ ቢበላሽ፣ ልጅ ቢታመም፣ ዝናብ ቢጥል ወይም መንገድ ቢዘጋ በስንት ሰዓት አስፋልት ላይ እደርሳለሁ ብዬ ነው። የዚህ መልስ ከታወቀ ግማሹ ምርጫ አልቋል።

መመዘኛዎቹ

አንደኛው መመዘኛ ከላይ ያልኩት መመለሻ ነው። የጸጥታውም ጉዳይ የሚገባው እዚሁ ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ላሊበላን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሷል፤ ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ሌላ የትጥቅ ግጭት ገብቷል። ስለዚህ ባለፈው ወር ሰላም የነበረ መንገድ ዛሬም ሰላም ነው ብሎ መነሳት የዋህነት ነው። የሚታመነው መረጃ ያለው በዚያው መስመር በየቀኑ የሚመላለሱ የመኪና ሾፌሮች ዘንድ ነው። የሁለት ሾፌሮች ቃል ካልተስማማ አትነሱ። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት የተቋረጠባቸው ጊዜያት ስለነበሩ ካርታውን አስቀድሞ ስልክ ላይ ማውረድና ጥሬ ገንዘብ መያዝ የጉዞው አካል ነው።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ በሁለቱ መካከል የ15 ዲግሪ ልዩነት አለ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የወጣ ሰው ተራራው ላይ በጋቢም ይንቀጠቀጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ ደግሞ ከቆላ የመጣን ሰው ራስ ምታትና የትንፋሽ ማጠር ሊይዘው ይችላል። በሌላ በኩል ከ2,000 ሜትር በታች ያሉት ቦታዎች ወባ የሚያሰጉ ናቸው። ያለ አልጋ አጎበር አይታደርባቸውም።

ሦስተኛው ወቅት ነው። ወሎ ሁለት ዝናብ አላት። ክረምቱ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ይዘልቃል፤ በልጉ ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይመጣል፣ ወይም ይቀራል። የበልጉ መቅረት ለገበሬው መከራ ነው፤ ለመንገደኛው ግን ደረቅ መንገድ። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ለሁሉም ዓይነት ጉዞ ይመቻል፣ የደጋው ሌሊት ግን ከኅዳር እስከ ጥር በረዶ ያጋግራል።

አራተኛው ውሃን ብቻ የሚመለከት ነው። ነፋስ፣ ጥልቀትና በሽታ ይገቡበታል፤ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

አምስተኛው ገንዘቡ የሚገባበት ኪስ ነው። ይህን እንደ ትርፍ ጉዳይ የሚያዩት አሉ። እኔ ግን የተግባር ጉዳይ ሆኖ አገኘዋለሁ። መንደሩ ከእንግዳው የሚጠቀምበት ቦታ ላይ መንገድ የሚያሳይ፣ የሚያስጠነቅቅ፣ ሲመሽ የሚፈልግ ሰው አለ። ገንዘቡ ከተማ ላይ ለደላላ ከቀረ ግን ተራራው ላይ ሊረዳችሁ የሚገደድ ማንም የለም።

ዋጋን በብር አልጽፍም፤ የነዳጅ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር አብሮ ይለወጣል። ወጪውን ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ እያልኩ እመድበዋለሁ። ሚዛኑን የሚያዛባው ሁልጊዜ መኪና ነው፤ ምግብና አስጎብኚ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ሐይቅ፦ ሦስት ዓይነት ጀልባ፣ አንድ ውሃ

ሎጎ ሐይቅ፣ ወይም በአጭሩ ሐይቅ የሚባለው፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ይገኛል። ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ቁመቱና ወርዱ ስድስት ስድስት ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱ በበዛበት ቦታ ወደ 88 ሜትር ይጠጋል። ውሃው በወንዝ የሚወጣበት አፍ የለውም። ከመመለሻ አንጻር በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ሁሉ ቀላሉ ይህ ነው፤ ከውሃው ዳር ወጥቶ አስፋልት ለመርገጥ ብዙ አያስኬድም፣ ደሴ ሆስፒታል ለመድረስም ከአንድ ሰዓት ብዙ አይርቅም።

ስለ ካያክ የሚጻፉ ምክሮች አብዛኞቹ ለሞቃት የባሕር ዳርቻ የተጻፉ ናቸው፤ ለኬንያው ሚዳ ክሪክ የማንግሮቭ ደን ወይም ለዛንዚባር። እዚያ ቀዛፊው የሚጠነቀቀው ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላና እንደሚሸሽ ነው። እዚህ ያ የለም። እዚህ ያለው ነፋስ ነው። ጠዋት መስተዋት የመሰለው ውሃ ፀሐይ እየበረታ ሲሄድና ተራሮቹ ሲሞቁ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ለትንሽ ጀልባ ቀላል አይሆንም። ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ደግሞ እንደ ባሕር አካልን አያንሳፍፍም። ስለዚህ የትኛውንም ጀልባ ብትመርጡ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ውሃው ላይ ሁኑ፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ዳር ውጡ።

የዓሣ አጥማጆች ታንኳ ርካሹ ምርጫ ነው። ቀዛፊው ሐይቁን ያውቀዋል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ ያውቃል፣ መረብ የተዘረጋበትንም ያውቃል። ጉድለቱ ቦታው ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት መንገደኛ በላይ አይጫንበትም። ከደንገል የታሰረ ከሆነ ደግሞ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ተሳፋሪውም ረጥቦ ይወርዳል። የመንሳፈፊያ ጃኬት በታንኳ ላይ አትጠብቁ፤ ይዛችሁ ኑ። ዋና የማይችል ሰው ያለ ጃኬት በ88 ሜትር ጥልቀት ላይ በታንኳ ሲሄድ ሳይ ያመኛል፤ ደስታውን አልነፍገውም፣ ግን ያመኛል።

የሞተር ጀልባ ለቤተሰብና ለቡድን ይሻላል። ቶሎ ይደርሳል፣ ነፋስ ከተነሳ ቶሎ ይመለሳል፣ ለአምስትና ለስድስት ሰው ሲካፈል ወጪው ይቀላል። በአንጻሩ ድምፁ የውሃ ወፎቹን አስቀድሞ ያባርራቸዋል። ወፍ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ሞተሩን ራቅ ብሎ እንዲያጠፋና በቀስታ እንዲጠጋ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ከመሳፈራችሁ በፊት ለተሳፋሪ ሁሉ ጃኬት መኖሩን በዓይናችሁ ቁጠሩ። «አለ» የሚለው መልስ አይበቃም።

የራስ ካያክ ሦስተኛው ነው። ወሎ ውስጥ ካያክ የሚያከራይ አገኛለሁ ብላችሁ አትውጡ፤ የሚያዋጣው በአየር የሚነፋውን ዓይነት በመኪና ይዞ መምጣት ነው። ነጻነቱ ትልቅ ነው፤ በዳር በዳር እየተጓዙ ሸምበቆውን፣ ወፎቹን፣ ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶችና ከብት የሚያጠጡትን ልጆች በራስ ፍጥነት ማየት ይቻላል። ነገር ግን በአየር የተነፋ ካያክ ቀላል ስለሆነ ነፋስ እንደ ቅጠል ይወስደዋል። ተራ ቀዛፊ በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ፣ መሐሉን ልሻገር ያለ ሰው በረጋ ውሃ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ከዳር ርቆ ይቆያል። አትሻገሩ። ዳሩን ይዛችሁ ሂዱ። እኩለ ቀን ላይ ዳር አውጥታችሁ ስታስቀምጡት ደግሞ ትንሽ አየር ቀንሱለት፤ ፀሐይ ውስጡ ያለውን አየር ስታሞቀው ስፌቱ ሊፈነዳ ይችላል። ከሁሉም በላይ የዓሣ አጥማጆቹን መረብ አትንኩ። ተንሳፋፊ ምልክት ባያችሁበት ዙሩ፤ ለእናንተ መዝናኛ የሆነው ውሃ ለሰውየው እርሻው ነው። ዛሬ በብዛት የሚሰገረው ቀረሶ ራሱ በ1970 ዓ.ም ገደማ ወደ ሐይቁ እንዲገባ የተደረገ ዓሣ ነው፤ ዳር ላይ ተጠብሶ የሚቀርብላችሁም እሱ ነው።

አሁን በሽታው። በሐይቅ አካባቢ ቢልሃርዚያ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ፣ መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ትሉ የሚኖርበት ቀንድ አውጣ የሚወደው ጥልቀት የሌለውን፣ ሣርና ሸምበቆ የበዛበትን፣ ሰዎችና ከብቶች የሚመላለሱበትን ዳር ነው፤ በትክክል ካያክ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ቦታ ማለት ነው። ስለዚህ ጀልባው ላይ የምትወጡት ጫማ አድርጋችሁ፣ ከተቻለ ከድንጋይ ወይም ከእንጨት መውጫ ላይ ይሁን። የረጠበ ቆዳን ወዲያው በፎጣ ማድረቅ ይረዳል። ልጆች ዳር ላይ ሲንቦጫረቁ ዝም ብሎ ማየት ግን አይገባም። ከተመለሳችሁ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትኩሳት ወይም የሆድ ችግር ከመጣ ለሐኪሙ ሐይቅ ውስጥ እንደነበራችሁ ንገሩት፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል የታወቀ መድኃኒት አለው።

የእግር መንገዱም አይናቅም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለባት ቦታ ጥንት ደሴት ነበረች፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዛለች፣ በእግርም ይገባባታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። ሴቶች ወደ ወንዶቹ ገዳም አይገቡም። ቡድናችሁ የተደባለቀ ከሆነ ይህን ከመነሻው ተነጋገሩበት፤ ግማሹ ገብቶ ግማሹ በር ላይ ሁለት ሰዓት እንዲጠብቅ ማድረግ ጉዞውን ያበላሸዋል። ሴቶቹ በዚያ ሰዓት ጀልባውን ቢወስዱት ሁሉም ይደሰታል።

አርድቦ፦ ጸጥታን ለሚመርጥ

አርድቦ የሐይቅ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከደቡብ ምሥራቁ፣ ከፍ ብሎ፣ በኮረብቶች ተከቦ ይገኛል። ከአርድቦ የሚወጣው ወንዝ ወደ ሎጎ ይፈሳል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቀን በእግር ማገናኘት ለሚፈልግ የተፈጥሮ መስመር አለው። ሆቴልም ሎጅም ብሎ የሚመጣ ሰው ይከፋዋል። ምግብና ውሃ ከሐይቅ ከተማ ይያዛል። በጀልባ በኩል ዓሣ አጥማጅ ለምኖ ከመሳፈር ሌላ የተደራጀ ነገር አትጠብቁ፤ የራሱን ካያክ ይዞ ለሚመጣ ግን ከሎጎ ይልቅ እዚህ ይሻለዋል፤ ውሃው ጠበብ ያለ፣ ሰው ያነሰበት ነው። የነፋሱና የቢልሃርዚያው ጥንቃቄ እዚህም ያው ነው። መመለሻው ከሎጎ ትንሽ ይከብዳል፤ የጥርጊያው መንገድ በክረምት ጭቃ ስለሚሆን ዝቅ ያለ መኪና አያስገባም።

ጦሳና የጎፍ፦ የአንድ ቀን መንገድ

ደሴ የሚኖር ሰው ጦሳን በየቀኑ ያያል፣ ስለዚህ አይወጣውም። ከከተማዋ ምዕራብ የቆመው ይህ ተራራ ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ሰው በቂ ነው። ከተማዋ ራሷ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች አቀበቱ ሳንባን ይፈትናል። የደሴን ጉም አስቡ፤ ጉም ከወረደ ከላይ የምታዩት ነገር አይኖርም፣ ስለዚህ ሰማዩ ከጠራ ወዲያው ተነሱ።

የጎፍ ኮምቦልቻ አጠገብ ያለ የደን ተራራ ነው። ጽድና ወይራ ያለበት፣ በአገር ደረጃ ቅድሚያ እንዲጠበቁ ከተለዩት ደኖች አንዱ ነው፤ ባሕር ዛፍም ገብቶበታል። ሙቀት ለማይወድ፣ ጥላ ለሚፈልግ፣ ልጆች ይዞ ቀስ እያለ ለሚሄድ ከጦሳ የጎፍን አስቀድማለሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት መውረዱ ራሱ ትርኢት ነው፤ ጨጓራው ለመታጠፊያ የማይችል ሰው ፊት ወንበር ይያዝ። የሁለቱም ወጪ ዝቅተኛ ነው። መንገድ የሚያሳይ የአካባቢ ወጣት መያዝ ግን አትተዉ።

ላሊበላ፦ አሸተንና አቡነ ዮሴፍ

እነዚህን ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው። አሸተን ማርያም የግማሽ ቀን አቀበት ናት። ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ አሸተን ከ3,000 ሜትር በላይ። ተራማጆች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር አቀበቱ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። በዚህ ከፍታ ላይ የደጋ ልጅ ላልሆነ ሰው ከዚያም ላይ ግማሽ ሰዓት ጨምሩለት። ጉልበቱ የማይችል በቅሎ ይከራያል፤ ይህ ለሽማግሌዎች ትልቅ እፎይታ ነው።

አቡነ ዮሴፍ ሌላ ነገር ነው። እንደ አካሄዱ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይወስዳል፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ከፍታው ጤነኛውንም ሰው ራስ ያሳምማል። ድካሙን ግን ቦታው ይክሳል። የሣሩ ሜዳ ላይ የጭላዳ መንጋ፣ አስታና ጅብራ፣ ዕድል ከቀናችሁ ቀይ ቀበሮ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም አይገኝም፣ እዚህ ያለውም ቁጥሩ ጥቂት ነው። ስለዚህ «ቀበሮ አሳይሃለሁ» ብሎ የሚምልን አስጎብኚ አትመኑት። «ጠዋት በጊዜ እንውጣና እንሞክር» የሚለውን ያዙ። ውሻ ይዞ መሄድ ፈጽሞ አይገባም፤ የውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን በመንጋ የሚፈጅ ነገር ነው።

ከአዲስ አበባ በቀጥታ በርራችሁ ላሊበላ ካረፋችሁ በዚያው ቀን ተራራ አትጀምሩ። መጀመሪያ አንድ ቀን ከተማዋን፣ ቀጥሎ አሸተንን፣ ከዚያ በኋላ ሰውነታችሁ ከፈቀደ አቡነ ዮሴፍን። የመመለሻው ነገር ደግሞ ሐቁ ይነገር፤ ተራራው ላይ የተጎዳን ሰው የሚያወርደው በቅሎ ወይም የሰው ትከሻ ነው።

መቄት፦ የሚያሳድር መንደር

በጋሸና አካባቢ ያለው የመቄት ደጋ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ሆኖ በድንገት ገደል ላይ ያልቃል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተስፋ በሚል ስም የተጀመረው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ የመጀመሪያ ማረፊያውን መቋት ማርያም ላይ ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ሌሎችም መንደሮች ተከተሉ። አሠራሩ ቀላል ነው። እንግዳው ከመንደር መንደር ይሄዳል፣ ጓዙን አህያ ይሸከምለታል፣ የመንደሩ ሰዎች በሠሩት ጎጆ ያድራል፣ የመንደሩ ሰዎች ያበስሉለታል፤ ገንዘቡም ለመንደሩ ማኅበር ይገባል።

በአምስተኛው መመዘኛ መቄትን የሚስተካከል የለም። ከመራመዱ አንጻርም ከአቡነ ዮሴፍ ይቀላል፤ መንገዱ በአብዛኛው በአፋፉ ላይ የሚሄድ ሜዳ ነው፣ አቀበትና ቁልቁለት ከመንደር ወደ መንደር ሲኬድ ነው የሚመጣው። ደካማ ጎኑ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አስቀድሞ መመዝገብ ይጠይቃል። የትኞቹ ማረፊያዎች እንግዳ እንደሚቀበሉ ሳታረጋግጡ አትሂዱ። ሁለተኛ፣ ፈጣን ሰው ይሰለቸዋል። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይል አይነሳም፤ ሰላምታው ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ሳይጠይቅ አያልቅም። ይህን ጊዜ ማባከን የሚለው ሰው ወደ ጦሳ ይሂድ።

የጾም ቀን ከሆነ የጾም ምግብ ብቻ እንደሚቀርብ እወቁ። ሙስሊም መንገደኛም የሚበላውን አስቀድሞ ቢናገር ወሎ ውስጥ ማንም አይደነግጥም፤ የሁለቱ እምነት ሰዎች አንድ ድግስ ላይ ለየብቻ አርደው አብረው መብላት የለመዱበት አገር ነው።

ቦረና ሳይንትና መቅደላ፦ ጊዜና ጉልበት ላለው

የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ከመካነ ሰላም ከተማ የሚገባበት፣ ደንቆሮ ጫካ በሚባለው ስሙ ይበልጥ የሚታወቅ ቦታ ነው። ከ1,900 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ስለሚሸፍን በአንድ ጉዞ ከደን ወደ ጓሳ ሣር ይወጣል። ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ደኩላ፣ ሰስና ነብር ይኖሩበታል። በእንስሳት ብዛት ከዘረዘርኳቸው ሁሉ እሱን እመርጣለሁ፤ ሆኖም ከደሴ መንገዱ ረጅም ነው፣ ድንኳንና ስንቅ ከእናንተ ይጠበቃል፣ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳይመዘገቡና ጠባቂ ሳይዙ አይገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ ድንኳን ለሚተክል ሰው አይሆንም።

መቅደላ ታሪክ ለሚወድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም ያረፉበት አምባ፣ ሴባስቶፖል መድፍ እስከ ዛሬ ያለበት። ከተንታ በኩል ይኬዳል። የበሽሎ ሸለቆ ሙቀት ከባድ ስለሆነ ከመጋቢት በኋላ አልመክረውም። በሽሎን አይቶ ካያክ የሚያምረው ሰው ካለ ደግሞ ይተወው፤ በክረምት ድንገት የሚሞላ፣ በበጋ ድንጋዩ የሚወጣ ወንዝ ነው፣ ከገደሉ መሐል የሚያወጣም የለም።

በአንድ ሠንጠረዥ

| ጉዞ | ከፍታ (ሜትር ገደማ) | ጊዜ | መመለሻ | ወጪ | የሚያስጠነቅቀው |
|---|---|---|---|---|---|
| ሐይቅ፣ ታንኳ | 1,900 | ግማሽ ቀን | በጣም ቀላል | ዝቅተኛ | ጃኬት አለመኖር |
| ሐይቅ፣ የሞተር ጀልባ | 1,900 | ግማሽ ቀን | በጣም ቀላል | መካከለኛ፣ በቡድን ዝቅተኛ | ወፎች ይሸሻሉ |
| ሐይቅ፣ የራስ ካያክ | 1,900 | አንድ ቀን | ቀላል | ካያኩ ካለ ዝቅተኛ | ነፋስ፣ ቢልሃርዚያ፣ መረብ |
| አርድቦ | ከ2,000 በላይ | አንድ ቀን | መካከለኛ | ዝቅተኛ | በክረምት ጭቃ፣ አገልግሎት የለም |
| ጦሳ | ከ2,500 በላይ | ግማሽ ቀን | ቀላል | ዝቅተኛ | ጉም |
| የጎፍ | ከ1,850 በላይ | አንድ ቀን | ቀላል | ዝቅተኛ | ያለ መሪ መጥፋት |
| አሸተን ማርያም | ከ3,000 በላይ | ግማሽ ቀን | መካከለኛ | መካከለኛ | አቀበት |
| አቡነ ዮሴፍ | ከ4,200 በላይ | 2 እስከ 3 ቀን | ከባድ | ከፍተኛ | ብርድ፣ የከፍታ ሕመም |
| መቄት | 3,000 | 2 እስከ 4 ቀን | መካከለኛ | መካከለኛ | ምዝገባ ይጠይቃል |
| ቦረና ሳይንት | 1,900 እስከ 3,700 | 3 ቀንና በላይ | ከባድ | ከፍተኛ | ርቀት፣ ስንቅ |

እንግዲህ ለማን የትኛው?

ትናንሽ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ሐይቅን በሞተር ጀልባ፣ በማግሥቱ የጎፍን እመክራለሁ። ሁለቱም አስፋልት አጠገብ ናቸው፣ አንዱ ውሃ ሌላው ጥላ አለው፣ ማደሪያውም ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ ለማደር ኮምቦልቻ ሞቃት ናት፣ አጎበር አትርሱ።

ገንዘብ ያጠረው ተማሪ ወይም ወጣት ቡድን በሕዝብ ማመላለሻ ሐይቅ ድረስ ይሂድ፣ ከዚያ ወደ አርድቦ በእግር ይውጣ፣ ሲመለስ አንድ ታንኳ ለግማሽ ሰዓት ይከራይ። ከዚህ የረከሰና ያማረ የአንድ ቀን ጉዞ ወሎ ውስጥ አላውቅም። ጃኬቱን ግን ተዋጥተው ይግዙት ወይም ይዋሱት።

የመሥሪያ ቤት ቡድን አቅሙ የተለያየ ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ መቄት ይሻላል። ቀርፋፋው ከአህያው ጋር ይሄዳል፣ ፈጣኑ ወደፊት ይቀድማል፣ ማታ ሁሉም አንድ እሳት ዙሪያ ይገናኛል። አለቃው አቡነ ዮሴፍን ካለ ግን ደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር እንዳይዘምት።

ከውጭ አገር ለዕረፍት ለመጣ ዘመድ፣ ሦስት ወይም አራት ቀን ብቻ ካለው፣ ላሊበላና አሸተን ይበቁታል። ሁሉንም ላሳየው ብሎ ቀኑን መኪና ውስጥ ማስጨረስ ደግነት አይደለም። ከዚህ በፊት በከፍታ ላይ የተራመደ፣ ድንኳንና የሌሊት ልብስ ያለው፣ የእንስሳት ፍቅር የያዘው ሰው ደግሞ ቦረና ሳይንትን ይምረጥ፤ መንገዱ ሰላም መሆኑ ከተረጋገጠ።

በክረምት የግድ መውጣት ካለባችሁ ሐይቅና የጎፍ ብቻ ይቀራሉ። መስከረም 21 ቀን አካባቢ ደግሞ የግሸን ማርያም ክብረ በዓል ስለሚሆን የአምባሰል መንገድና የደሴ ሆቴሎች በምዕመናን ይሞላሉ። ለበዓሉ የማትሄዱ ከሆነ ጉዞውን በአንድ ሳምንት አዘግዩት።

ከመክፈላችሁ በፊት

አስጎብኚውን ወይም ባለ ጀልባውን አራት ነገር ጠይቁት። ዋጋው ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው በሙሉ? የመንደሩ፣ የገዳሙ ወይም የፓርኩ ክፍያ ተካቷል? ነፋስ ወይም ዝናብ ጉዞውን ቢያስቀረው ገንዘቡ ይመለሳል? ሰው ቢታመም ማን፣ በምን ያወርደዋል? ለአራተኛው ጥያቄ የበቅሎ ባለቤት ስም ጠርቶ፣ መንገዱን ጠቁሞ የሚመልስላችሁን ሰው ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ያዙት። «እግዜር ያውቃል» የሚላችሁን በፈገግታ አመስግናችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ቀብድ ስትሰጡ ግማሹን ብቻ ስጡ፤ የቀረውን ከጀልባው ወይም ከተራራው ስትወርዱ።